ፍጥነት ከቆዳ ቀለም አይመጣም፦ ስለ ዘር፣ ስለ ሩጫና ስለ ኳስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ድሬዳዋ ከሜዳ ዳር፣ ከዲኤስቲቪ ቤትና ከበርጫ ጨዋታ የማይጠፉትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁር ሰው በተፈጥሮው ከነጭ ይፈጥናል?

አይፈጥንም። በኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ለአሥርተ ዓመታት የተሰለፉት አብዛኞቹ ጥቁር ሯጮች መሆናቸው እውነት ነው። ይሄን ማንም አይክድም። ከዚህ ተነስቶ «የሚያሮጠው ቆዳው ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀነኒሳ በቀለንና ዩሴን ቦልትን አስቡ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቀነኒሳ በ100 ሜትር፣ ቦልት በ10,000 ሜትር ቢሰለፉ ግን ሁለቱም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ነገሩ የቀለም ቢሆን ኖሮ አንድ ርቀት ላይ በተገናኙ ነበር። በዚያ ላይ በዘረ መል ረገድ ከአፍሪካ የበለጠ ልዩነት ያለበት አህጉር የለም። ሁለት አፍሪካውያን እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት በአንድ አውሮፓዊና በአንድ ቻይናዊ መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ይሄን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለ እግሩ መፍረድ አያስኬድም።

ታዲያ ፍጥነት ከየት ይመጣል?

ከብዙ ነገር። ጡንቻችን ውስጥ ቶሎ የሚኮማተሩ ክሮች አሉ፤ ዝግ ብለው ለረጅም ጊዜ የሚሠሩም አሉ። ለአጭር ርቀት የሚፈለጉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የሁለቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንድ ቤት ባደጉ ወንድማማቾች መካከል እንኳ። የእግር ርዝመት አለ፣ የጅማት ጥንካሬ አለ፣ አነሳስ አለ፣ መሬት ሲረገጥ የሚያርፈው ኃይል አለ። ከዚያ የዓመታት ልምምድ ይመጣል።

ቦልት 1 ሜትር ከ95 ነው። በ2009 በርሊን ላይ በ9.58 ሰከንድ ሲገባ መንገዱን የጨረሰው በ41 እርምጃ ነው። ከ60 እስከ 80 ሜትር ባለው ክፍል ፍጥነቱ በሰዓት 44.72 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ቻይናዊው ሱ ቢንግቲያን ደግሞ 1 ሜትር ከ72 ገደማ ነው። የቦልት ዓይነት እርምጃ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ አነሳሱ ላይ ሠራ። ሲነሳ ፊት የሚያስቀድመውን እግር ሳይቀር ቀየረ። የ100 ሜትር ሯጭ ለዓመታት የለመደውን እግር ሲቀይር ሁሉን ነገር ከሥር ነው የሚጀምረው። በ2015 በ9.99 ገባ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ግማሽ ፍጻሜ፣ በ31 ዓመቱ፣ 9.83 ሮጦ የእስያን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለት ፍጹም የማይመሳሰሉ አካላት፣ ሁለቱም ከ10 ሰከንድ በታች።

ከ10 ሰከንድ በታች የገባ ነጭ አለ?

አለ። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ሌሜትር በ2010 በ9.98 ገብቷል። ከዚያ በፊትም ነጮች በአጭር ርቀት ነግሠው ያውቃሉ። ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ በ1960 ሮም ላይ፣ የሶቪየት ኅብረቱ ቫለሪ ቦርዞቭ በ1972 ሙኒክ ላይ የ100 ሜትር ወርቅ ወስደዋል። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ሜኔያ በ1979 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 200 ሜትርን በ19.72 ሮጦ፣ ክብረ ወሰኑ እስከ 1996 ድረስ ሳይሰበር ቆይቷል።

ከፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ፈጣኑ ማን ነው?

ከዚራ ካፌ ተቀምጣችሁ ይሄን ብትጠይቁ የሚጠራላችሁ ስም ሁልጊዜ የአንድ ጥቁር የመስመር አጥቂ ነው። በጥር 2024 ግን ቶተንሃም ከብሬንትፎርድ ሲጫወት ሚኪ ቫን ደ ቨን በሰዓት 37.38 ኪሎ ሜትር ተመዘገበለት። በጊዜው በሊጉ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ነበር። ሰውየው ሆላንዳዊ፣ ነጭ፣ የመሃል ተከላካይ ነው። ከእሱ በፊት ከፍተኛው የካይል ዎከር 37.31 ነበር። የጃማይካ ዝርያ ባለው ዎከርና በቫን ደ ቨን መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ርቀት ብቻ ነው የተፈጠርነው?

ይሄን ጥያቄ የምወደው ራሳችንን ስለሚነካ ነው። ከ1960 በፊት የረጅም ርቀት ጌቶች ፊንላንዳውያን ነበሩ። ፓቮ ኑርሚ ብቻውን 9 የኦሎምፒክ ወርቅ አለው። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን ጠቅልሎ ወሰደ። በዚያ ዘመን ጽናት የነጭ ጸባይ ነው፣ ጥቁር ሰው ትንፋሽ የለውም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ከዚያ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ሮጠ። ዓመታት አለፉና ወሬው ተገለበጠ፤ ያው ሰው አሁን «ጽናት በደማቸው ነው» ይለን ጀመር። ደማችን አልተለወጠም። የተለወጠው ውጤቱ ነው፤ ማብራሪያው ከኋላ እየተከተለ ተሰፋለት።

በቆጂን እንይ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው አካባቢ ናቸው። እዚያ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አለ፤ ልጆችን ገና በልጅነታቸው ሰብስቦ በሥርዓት ያሠለጠነ። እዚያ ለአንድ ልጅ «የጎረቤታችን ልጅ ሮጣ ቤት ሠራች» የሚለው ነገር ተረት ሳይሆን በዓይኑ ያየው ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ምርጥ ሯጮች በእናት በኩል የሚወረስ ዘረ መል መርምረው ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተለየ ሆኖ አላገኙትም።

ለ100 ሜትር ይሄ መንገድ የለንም። ደህና መም፣ መነሻ ብሎክ፣ ስፓይክ ጫማ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች አይቶ የሚያርም አሰልጣኝ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ክለቡ ደሞዝ የሚከፍልበት ርቀት መሆን አለበት። ጎበዝ ልጅ ገንዘቡና ስሙ ወዳለበት ይሄዳል። ኬንያም እንደ እኛ «የረጅም ርቀት አገር» ትባል ነበር፤ በ2021 ፈርዲናንድ ኦማኛላ ናይሮቢ ላይ 100 ሜትርን በ9.77 ሮጠ። የቦትስዋናው ሌትሲሌ ቴቦጎ በ2024 ፓሪስ ላይ የ200 ሜትርን ወርቅ በ19.46 ወሰደ። የእኛው መሐመድ አማን በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ርቀቱን ወደ ታች ማውረድ እንደምንችል አሳይቶናል።

የድሬ ሙቀት ሰው ያደክማል፣ ከቆላ ሯጭ አይወጣም ይባላል። እውነት ነው?

ለረጅም ርቀት እውነትነት አለው፤ እኩለ ቀን ላይ ድሬ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጤና አይደለም። ግን እንኳን ለዚያ፣ ከእኛ የባሰ ሙቀት ካላት ጅቡቲ የወጣው ሁሴን አሕመድ ሳላሕ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ነሐስ ወስዷል። 

ለአጭር ርቀት ከሆነ ደግሞ አቦ፣ ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሙቀት ለጡንቻ ጥሩ ነው፤ የ100 ሜትር ሯጭ ብርድ ይጠላል። ከፍታም ያግዛል። አየሩ ሲሳሳ የሚቋቋመው ይቀንሳል። ጂም ሃይንስ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ 9.95 የሮጠው በእንዲህ ያለ አየር ነው። ለዚህ ነው ከ1,000 ሜትር በላይ የተሮጠ የአጭር ርቀት ሰዓት በመዝገብ ላይ ምልክት የሚደረግበት። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ናት፣ ሙቀት አላት። ለአጭር ርቀት ልምምድ ከአገራችን ከተሞች ከተመረጡት መሆን ነበረባት ብዬ አምናለሁ። የጎደለን መሙና አሰልጣኙ እንጂ አየሩ አይደለም።

ዘር ካልሆነ፣ ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ የማይሞላባት ጃማይካ እንዴት ዓለምን ታሸንፋለች?

በትምህርት ቤት። ጃማይካ ውስጥ ከ1910 ጀምሮ የሚካሄድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአትሌቲክስ ውድድር አለ። «ቻምፕስ» ይሉታል። ኪንግስተን ስታዲየም ይሞላል፣ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ይከታተላል፣ የቀድሞ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ቀለም ለብሰው ይጮኻሉ። የ15 ዓመት ልጅ እኛ ለደርቢ የምንሰጠውን ዓይነት ስሜት እያየ ይሮጣል። አሰልጣኞችን ለይቶ የሚያስተምር ኮሌጅም አላቸው። ቦልት ሼርዉድ ኮንቴንት ከምትባል የገጠር መንደር የመጣ የክሪኬት ልጅ ነበር፤ ወደ ሩጫ የመለሱት የትምህርት ቤት አሰልጣኞች ናቸው።

የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ናይጄሪያ ለሌላው ሜዳልያ ባላስተረፈች ነበር።

ባርነት ደካማውን ገድሎ ጠንካራውን አስቀረ፣ ለዚህ ነው የሚፈጥኑት የሚባለውስ?

ይሄ ወሬ ሳይንስ ይመስላል እንጂ አይደለም። በመርከቦቹ ላይ ሰው የሞተው በተቅማጥ፣ በውኃ ጥምና በጭካኔ ነው። ተቅማጥ ማን በ100 ሜትር እንደሚፈጥን አይመርጥም። ደግሞ በአትላንቲክ ማዶ ብዙ አፍሪካውያን በግድ የተወሰዱባት አገር ብራዚል ናት፤ ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ብራዚል ግን የ100 ሜትር ንግሥት አይደለችም። በእግር ኳስ ነገሠች፤ ሕዝቡ ልቡን የሰጠው ለኳስ ስለሆነ።

ይሄን ወሬ የምቃወምበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ያን ሁሉ ግፍ «ጥቅም ነበረው» ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳል።

«የፍጥነት ጂን» ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ምንድን ነው?

ኤሲቲኤን3 የሚባል ዘረ መል ነው። በፈጣን የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ያሠራል። ከዓለም ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህ ፕሮቲን የለውም፤ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። በዓለም ደረጃ ባሉ የአጭር ርቀት ሯጮች ዘንድ ፕሮቲኑ የሌለው ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

አሁን ቀሪውን ስሙ። ፕሮቲኑ ያላቸው ሰዎች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኛው አውሮፓዊም አለው። ኬንያውያንም እንደ ምዕራብ አፍሪካውያን ሁሉ ማለት ይቻላል አላቸው፤ የታወቁት ግን በረጅም ርቀት ነው። ፕሮቲኑ ሳይኖረው ከስምንት ሜትር በላይ የሚዘል፣ ኦሎምፒክ የተሳተፈ ስፔናዊ ርዝመት ዘላይም በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ምራቅ ልካችሁ ልጃችሁ ሯጭ መሆኑን እንነግራችኋለን ለሚሉ ገንዘባችሁን አትስጡ።

እንዲህ ማለት በሰዎች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት የለም ማለት አይሆንም?

አይሆንም። ልዩነት አለ። ቦልት የተወለደው ከእኔ የተለየ አካል ይዞ ነው፤ በስንት ልምምድ ብደክም አልደርስበትም። በሕዝቦች መካከልም አንዳንድ ዘረ መሎች የሚበዙበትና የሚያንሱበት ቦታ አለ። ችግሩ የሚጀምረው ከአማካይ ተነስተን ፊታችን ስለቆመው ልጅ ስንፈርድ ነው። የሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት አብዛኛው፣ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው፣ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ነው። ፈጣኑን ልጅ ማወቅ የፈለገ ሰዓት ይያዝና ያስሩጠው። ፊቱን አይቶ አይገምት።

በ1936 ጄሲ ኦወንስ በርሊን ላይ 4 ወርቅ ሲወስድ «የጥቁር ተረከዝና ባት የተለየ ነው» ተባለ። ሞንታግ ኮብ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የአካል ሳይንስ ምሁር ኦወንስን ራሱን ለካው። የኦወንስ ባትና ተረከዝ «የጥቁር» ከሚባለው ዓይነት ጋር አልገጠመም።

ኳስ ላይስ? የጨዋታ አስተላላፊዎች እውነት ያዳላሉ?

ተቆጥሯል። በ2020 ረንሪፒት የተባለ ኩባንያ ከእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር ጋር ሆኖ በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሊጎች የተደረጉ 80 ጨዋታዎችን አስተያየት መረመረ። ስለ ጉልበት ሲወራ፣ ጠቆር ያለ ተጫዋች የመነሳት ዕድሉ 6.59 እጥፍ ነበር። ስለ ፍጥነት ሲወራ 3.38 እጥፍ። ስለ ብልህነት የተነገረው ሙገሳ ግን 62.6 በመቶ የደረሰው ቆዳቸው ነጣ ላሉት ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1997፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሰዎች አንድ ዓይነት የቅርጫት ኳስ የሬዲዮ ስርጭት ሰሙ። ለግማሾቹ ተጫዋቹ ጥቁር ነው ተባለ፣ ለግማሾቹ ነጭ። ድምፁ ያው፣ ጨዋታው ያው። ጥቁር ነው የተባሉት «ጥሩ አካል አለው» አሉ። ነጭ ነው የተባሉት «ጨዋታ ይገባዋል» አሉ። ዲኤስቲቪ ቤት ስትቀመጡ ይሄን ይዛችሁ አዳምጡ። አንዱ ሲያልፍ «እንዴት ያለ ፍጥነት!» ይባላል፤ ሌላው ያንኑ ሲያደርግ «ክፍተቱን አየ» ይባላል።

«ፈጣን ነህ» መባል ሙገሳ አይደለም? ምን ክፋት አለው?

ፈጣንን ፈጣን ማለት ክፋት የለውም። «በተፈጥሮው ነው» ሲባል ግን ሁለት ነገር ይወሰድበታል፦ ላቡና ጭንቅላቱ። ሌሊት ተነስቶ የሠራው ሁሉ ስጦታ ይሆናል። ከተከላካዩ ጀርባ የሮጠው ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ስላሰበ መሆኑ ይረሳል።

ይሄ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ ቦታ ያድላል። በአሜሪካ ፉትቦል ለረጅም ጊዜ ጥቁር ተጫዋቾች ሩጫ ወደሚበዛበት ዳር ይላኩ ነበር፤ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ነጭ እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። ዳግ ዊሊያምስ የፍጻሜውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ የሆነው በ1988 ነው። በእንግሊዝ እግር ኳስም በ1980ዎቹ የተሠራ ጥናት ጥቁር ተጫዋቾች በአጥቂነት በዝተው፣ መሃል ላይ አንሰው አግኝቷል። መሃል ላይ ያልተጫወተ ሰው ጫማ ሲሰቅል «አሰልጣኝ ይሁን» የሚለው አይኖርም። ፍጥነት በ30ዎቹ ይሄዳል፤ ጨዋታ ማንበብ ግን እስከ እርጅና ያበላል።

ራስ ላይም ይሠራል። በ1999 በታተመ ሙከራ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ጎልፍ እንዲመቱ ተደረገ። ፈተናው «የተፈጥሮ የአካል ብቃት» ይለካል ሲባል ነጮቹ ወረዱ። «የስፖርት ብልህነት» ይለካል ሲባል ጥቁሮቹ ወረዱ። ሜዳው ያው ነበር፣ ኳሱም ያው።

እዚህ ሁላችንም ጥቁር ነን። ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ለእኛ ምን ያደርጋል?

ይሄን የሚለኝ ሰው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ከደቻቱ አሸዋ ዳር ይቁም። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ላይ ይጫወታል። ድሬን የምወድበት ነገር ነው። ግን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። ጠቆር ያለ ልጅ ስሙ ሳይጠየቅ ቅጽል ስም ይወጣለታል፣ ከዚያ «አንተ ጉልበት አለህ፣ ተከላካይ ቁም» ይባላል። ቀጠን ያለ የሶማሌ ልጅ «ሩጥ፣ መስመሩን ይዘህ ሩጥ!» ይባላል። ቀላ ያለው «ቴክኒክ አለው» ተብሎ መሃል ላይ ይቆማል። ከጋምቤላ የመጣ ልጅ ቁመቱ እንጂ እግሩ አይታይም።

ፈረንጅ ያመጣውን ፍረጃ በፈረንጅ ላይ ስናየው ይቆጠቁጠናል። በገዛ ልጆቻችን ላይ ስናደርገው ግን ጨዋታ እንለዋለን። እኔ ጨዋታ አልለውም። መሃል ላይ መቆም የነበረበት ልጅ ዕድሜውን መስመር ላይ ሲጨርስ አይቻለሁ፤ ኳስ ሲደርሰው ቀና ብሎ ያይ ነበር፣ ከዳር የሚሰማው ግን «ሩጥ!» ብቻ ነበር።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ከእኩዮቹ ሁሉ ይፈጥናል። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ አትቸኩሉ። በዚህ ዕድሜ ፈጣን የሚመስለው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጎረመሰ ወይም በወራት የሚበልጥ ነው። በ16 ዓመቱ ሌሎቹ ይደርሱበታል። እስከዚያ በእግሩ ብቻ ሲያልፍ ከኖረ፣ ሲደርሱበት የሚይዘው ያጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ 30 ሜትር ለክታችሁ በሰዓት አስሩጡት፣ ቁጥሩን ጻፉ። ልምምዱ ጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይሁን፤ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ውኃ ሳይዝ ከቤት አይውጣ።

ከዚያ አሰልጣኙን የት እንደሚያጫውተውና ለምን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ ልጁ ሜዳ ላይ ስለሚያደርገው ነገር ከሆነ ጥሩ ነው። «ለመስመር ነው የተፈጠረው» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ግማሽ የውድድር ዘመን መሃል ላይ እንዲሞክረው በጨዋነት ለምኑት። እምቢ ካለ፣ ሰፈር ውስጥ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ልጁ ራሱ መሃል ይግባ፤ እዚያ ማንም አይከለክለውም።